ሐይቅ የበላው ኪኒን

ቁንዝላ፤ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለመቅደላዊት፤

ጤናሽን አልጠይቅም። ባሕር ዳር ተቀምጣ፣ ነጭ ካፖርት ለብሳ፣ አይጥ ስትመግብ የምትውል ሴት ምን ትሆናለች? ይልቅስ አይጦቹ እንደምን ሰንብተዋል? ከእኔ ከአያትሽ ይልቅ የእነሱን ስኳር ቶሎ ቶሎ እንደምትለኪ ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ባለ ጀልባው ገድሉ ነግሮኛል። ገድሉም ያው እንደኔው ስኳራም ነው፤ በአይጦችሽ ቀንቷል።

ስልኩ ምን ሆነ ላልሽው፤ ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይተኛል። በሚሠራበት ቀን ደግሞ ጆሮዬ ስለማይሰማ እጮኻለሁ፤ ስጮህ ቁንዝላ ሁሉ ስኳሬ ስንት እንደሆነ ያውቃል። ደብዳቤ ይሻላል። ደብዳቤ ላይ ሰው የፈለገውን ብቻ ነው የሚናገር።

አዎ፣ የንብ ሙጫ አለኝ። እኛ የቀፎ እድፍ እያልን ስንጥለው ለኖርነው ነገር እናንተ "ፕሮፖሊስ" ብላችሁ ክርስትና አነሣችሁት። ንቦቹ ከዛፍ የሚለቅሙትን ሙጫ በአፋቸው ለውሰው የቀፏቸውን ስንጥቅ ይደፍኑበታል፤ ጉንዳን እንዳይገባ፣ ብርድ እንዳይገባ። አይጥ ገብታ ብትሞትባቸው እንኳ፣ አውጥተው መጣል ስለማይችሉ በሱ ይገንዟታል፤ ሳትሸት ትኖራለች። ይህን ለአይጦችሽ አትንገሪያቸው።

የምፍቀው በማለዳ ነው። በብርዱ ጊዜ እንደ ጠጠር ይሰበራል፤ ፀሐይ ከሞቀ ግን እጅ ላይ ይጣበቅና ሰባት ቀን ጸበል ብትጠመቂ አይለቅሽም። እንደ ጠየቅሽኝ ከባሕር ዛፉ በኩል ካሉት ቀፎዎችና ከዋንዛው ሥር ካለው ለየብቻ ቋጥሬ ልኬያለሁ። ለኔ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለአይጦችሽ ግን ልዩነት ካለው ጻፊልኝ።

በላክሽልኝ መለኪያ ዛሬ ጠዋት ጣቴን ወጋሁ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት አለኝ። አትቆጪ። ቅበላ ነው፤ ከሥጋ ጋር ሁለት ወር ልንለያይ ነውና ስንብቱ ረዘመ። ዋርሳዬ የሺአረግም ተለካች። አንቺ "እማማ የሺ" ብለሽ ታከብሪያታለሽ፤ እኔን ግን አያትሽ ከሞተች ወዲህ የእኅቷን ቁጣ ከራሷ ቁጣ ጋር ደርባ ትቆጣኛለች። እሷ ሁለት መቶ ስድሳ አመጣች። ስለ በለጠችኝ ተናድጄ አንድ ሳሕን ዱለት ጨመርሁ።

ሙጫውን እኔ ራሴ ብቀምሰውስ?

አያትሽ፣
መሪጌታ ወልደ ገብርኤል


ባሕር ዳር፤ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያቴ፤

ጉልበትዎን ስሜ እጀምራለሁ። ሙጫው በደህና ደርሷል። የዋንዛው ቀይ ነው፣ የባሕር ዛፉ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ መምህራችን ሲያዩት እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

ለጥያቄዎ የምመልሰው አንድ ነው፤ አይቅመሱት። ሙጫውን የሰጠናቸው አይጦች ስኳራቸው ወርዷል፣ እውነት ነው። አይጥ ግን አይጥ ነው። በሌላ አገር፣ ሰዎች ከኪኒናቸው ጋር ሲወስዱት አንዳንዶቹ ላይ ትንሽ እንደ ቀነሰ የሚናገሩ ጽሑፎች አንብቤያለሁ። ሌሎቹ ላይ ምንም አልታየም። ስንት ይበቃል፣ የየትኛው ዛፍ ይሻላል፣ ማን ላይ ይጎዳል፤ ይህን በእርግጠኝነት የሚነግርዎ ሰው የለም፤ እኔም አላውቅም። ደግሞ ያነበብኩት ሁሉ "ከመድኃኒት ጋር" ነው የሚለው። "በመድኃኒት ፋንታ" የሚል አላገኘሁም።

በዚያ ላይ ሙጫው በውሃ አይሟሟም፤ እኛም የምናሟሟው በአልኮል ነው። ይህን መጻፌ ስሕተት እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ነገር ግን ወረቀቱ አንድ ብቻ ነው።

አባባ፣ የምፈራው ሆድዎን አይደለም። አንደበትዎን ነው። እባክዎን አይጥ ላይ የታየውን ለሰው አይንገሩ።

ልጅዎ፣
መቅደላዊት


ቁንዝላ፤ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐኪሟ መቅደላዊት፤

ለምን ዝም አልህ ብለሽ በገድሉ በኩል ሦስት ጊዜ አስጠይቀሻል። ዝም ያልሁት ሳይንስ ስሠራ ነው።

አልኮል ብለሽ ስትጽፊ እጅሽን ስሜዋለሁ። ሙጫውን አድቅቄ አረቄ ውስጥ ዘፈዘፍሁት፤ አሥራ አምስት ቀን እየነቀነቅሁ አቆየሁት፤ ከዚያ አጠለልሁት። ጠብታ ነው የምወስድ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሜን ስፈታ። መራራ ነው። የምላስን ኃጢአት ሁሉ ያቃጥላል።

አሁን ተቀመጪ። ትናንት ጠዋት ለካሁ፤ መቶ ሃያ ስድስት። ደግሜ ለካሁ፤ መቶ ሃያ ዘጠኝ። የሺአረግም መጥታ ተለካች፤ ከሁለት መቶ ስድሳ ወደ መቶ አምሳ ሦስት ወርዳለች። እሷም ጠብታዋን ከኔ ትወስዳለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቁጣ "እግዜር ይስጥህ" አለችኝ፤ ጆሮዬን ተጠራጠርሁ።

ወሬው ከእኔ እግር ይፈጥናል። ሰኞ ለት ጀልባ መሳፈሪያው ላይ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ትንሽ ቀልድ ቀለድሁ። ምን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ስትመጪ ያዩት ይነግሩሻል። ሴቶቹ እልል ብለዋል።

አይጦችሽን ሰላም በያቸው። ቀድሜያቸዋለሁ።

አያትሽ


ባሕር ዳር፤ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያቴ፤

ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ። አልዋሽዎትም፤ ለጓደኞቼ ሁሉ አነበብኩላቸው። ከዚያ ማታ አካባቢ ደስታዬ ጠፋ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ ከላይ የተጻፈውን ቀን አየሁ።

የመጀመሪያውን የለኩት በቅበላ ነው፤ ሥጋው፣ ቅቤው፣ ጠላው ባለበት ሳምንት። ሁለተኛውን የለኩት በሁዳዴ አጋማሽ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ፣ ከዚያም ሽሮና ጎመን ብቻ እየበሉ አንድ ወር አልፏል። አባባ፣ እርስዎ መሪጌታ ነዎት፤ ጾምን ለእርስዎ ማስተማር ድፍረት ነው። ግን ስኳሩን ያወረደው ንብ ለመሆኑ በምን አወቁ? እኔ ለአይጦቼ ሙጫ ስሰጥ ምግባቸውን አልቀይርም። እርስዎ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ቀየሩ። ፋሲካ ሲደርስ ጾሙ ያልፋል፤ ያኔ ምን ሊመጣ እንደሚችል እያሰብኩ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ኪኒንዎን እየዋጡ ነው? እማማ የሺስ እየዋጡ ነው?

ቀልዱንም ይንገሩኝ። ገድሉን ጠየቅኩት፤ ሳቀና "መሪጌታ ሐይቁን አከሙት" ብሎኝ ሄደ። ይህ ምን ማለት ነው? የሳቀው ሳቅ አላሳቀኝም።

መቅደላዊት


ቁንዝላ፤ ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ሆሣዕና

ለምወድሽ፣ ዓይኔን በዓይኔ ላየሁብሽ ለመቅደላዊት፤

እንደምን ሰንብተሻል? ሥራሽስ? አከራይሽስ? ያች ጉልበቷን ያማት የነበረችው ጎረቤትሽስ ተሻላት? መምህርሽስ ደህና ናቸው? ባሕር ዳር ሙቀቱ እንዴት ነው? እዚህ ሐይቁ ሸሽቷል፤ ጀልባው ከቆመበት እስከ ደረቁ ድረስ ጭቃ እንረግጣለን። ቀፎዎቹ ደህና ናቸው። አንደኛው መንጋ ኮብልሎ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሥር ገብቷል፤ ቄሱ "የአንተ ንቦች ካንተ ይልቅ ቅዳሴ ይወዳሉ" ብለው ሰድበውኛል።

ሰላምታው በዛ እንደምትይ አውቃለሁ።

አንደኛው ጥያቄሽ፤ አዎ። እኔ እየዋጥሁ ነው።

ሁለተኛውን የሺን ራሷን ብትጠይቂያት ይሻላል።

ዛሬ ለዑደቱ አልወጣችም። ልጇ ምናሴ አዲስ ጫማ ገዝቶላት ያ ጫማ እግሯን ላጣት። ጫማው ጥሩ ጫማ ነው፤ ጥቁር፣ ዘለበት ያለው፣ ሶሉ ወፍራም፤ ለእግሯ ትንሽ ይጠባል እንጂ። ቅዳሜ ገበያ ከጎንደር ከመጣ ነጋዴ ነው የገዛው፤ ነጋዴው ቁጥሩ ይሰፋል ብሎ አታሎታል። ከውስጥ በኩል ስፌቱ ሻካራ ነው። እኔ አይቼዋለሁ።

ቁስሉ ትንሽ ነው። ስለ ትንሽነቱ ሦስት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ትንሽ ነው ብላኛለች።

የቀልዱን ነገር ከፋሲካ በኋላ እጽፍልሻለሁ።

አያትሽ


ባሕር ዳር፤ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፤

እንኳን አደረሰዎ። ስለ ጫማው አንድ ገጽ ጽፈውልኛል፤ ስለ ቁስሉ አንድ መስመር። እርስዎ እንዲህ የሚጽፉት ሲፈሩ ነው።

ቁስሉ ጣት ላይ ነው ወይስ ተረከዝ? ዙሪያው ቀይቷል ወይስ ጠቁሯል? ይሸታል? ያማቸዋል? አያመኝም ካሉ ይበልጥ እፈራለሁ። ውሃ ይጠማቸዋል? ስንት አመጡ?

መልሱን አይጻፉልኝ። ይዘዋቸው ይምጡ። ገድሉ ነገውኑ እንዲመለስ ለምኜዋለሁ።

መቅደላዊት


ቁንዝላ፤ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤

የሺአረግ ጀልባው ላይ ናት። ምናሴ ይዟታል። መለኪያው ዛሬ ቁጥር አላሳይ አለኝ፤ አንድ ቃል ብቻ በፈረንጅኛ ጽፎ ቆመ። የትምህርት ቤቱ መምህር አይቶ "ከመለኪያው በላይ ሆኗል ማለት ነው" አለኝ። ሁለተኛው ጣቷ ጠቁሯል። አያመኝም ትላለች።

አንተስ ለምን አልመጣህም ትይኛለሽ። በጀልባው ላይ አምስት ሰዓት ሙሉ ፊቷን ማየት አለብኝ። አልቻልሁም። አሁን የምጽፍልሽን አንብበሽ፣ መስማት የምትችል ስትሆን ለእሷ አንብቢላት። እሷ ፊደል እንዳልቆጠረች ታውቂያለሽ፤ እኔ አስተምርሻለሁ እያልሁ አርባ ዓመት ቀለድሁባት።

ያን ሰኞ፣ ገበያተኛው ጀልባ ሲጠብቅ፣ የኪኒኔን ብልቃጥ ከፍ አድርጌ ለሰው ሁሉ አሳየሁ። "ከእንግዲህ ወልደ ገብርኤል ከንብ በቀር ሐኪም የለውም" አልሁና ያለውን በሙሉ ሐይቁ ውስጥ በተንሁት። ዓሣዎቹ ተሻሙ። ሰው አጨበጨበ።

ብልቃጡ ውስጥ የነበረው ሽምብራ ነው። ቆልተን የፈተግነው ሽምብራ። ኪኒኔ ቤት፣ ከድጓዬ ሥር ነበረ፤ የዚያኑ ዕለት ከእራቴ ጋር ዋጥሁት። በማግስቱም። አንድም ቀን አላቋረጥሁም። ክንዱ የሚባለው ታላቅ ወንድሜ በስኳር ዓይኑ ጠፍቶ፣ እስኪሞት ድረስ እጁን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የምወስደው እኔ ነበርሁ። እንዴት አቋርጣለሁ? በአደባባይ ደፋር፣ በቤቴ ፈሪ ነኝ። ቀልዱ ለኔ ይህ ነበር፤ ሰው ሲደነቅ ቆይቶ፣ በኋላ "ሽምብራ ነው!" ብዬ ልስቅባቸው። ከዚያ ሰዉ ሙጫውን ፈልጎ ደጄ ላይ መሰለፍ ጀመረ፤ "መሪጌታ" የሚለኝ ሁሉ "ባለ መድኃኒቱ" ይለኝ ጀመር። ደስ አለኝ። የመሳቂያውን ቀን ከዛሬ ነገ እያልሁ አሳለፍሁት።

የሺ ያን ቀን ከኋላዬ ቆማ ነበር። አልሳቀችም። ያኔ ነበር መደንገጥ የነበረብኝ፤ ስቀልድ ሁልጊዜ ቀድማ የምታውቅብኝ እሷ ናትና።

የባሰውን ልንገርሽ። ኪኒኗን እንደ ጣለች ያወቅሁት ዛሬ አይደለም። የመጋቢቱ ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ ጠየቅኋት። "አንተ ከጣልህ እኔ ምን እጠብቃለሁ? የአንተኑ መንገድ ተከተልሁ" አለችኝ። ያኔውኑ እውነቱን ብነግራት ጣቷ ደህና በሆነ። አፈርሁ። ፋሲካ ይለፍ፣ በዓሏን አላበላሽባት አልሁ። የአንድ ሽምብራ ቆሎ ነገር አሥራ ሁለት ቀን ደበቅሁባት።

ጀልባው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁ። ከደረሰች ጻፊልኝ። ካልደረሰችም ጻፊልኝ።

ወልደ ገብርኤል


ባሕር ዳር፤ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያቴ፤

እማማ የሺ በሕይወት አሉ። ከዚህ በፊት ሌላ ቃል እንዳያነቡ ብዬ ነው አስቀድሜ የጻፍኩት።

የግራ እግራቸው ሁለት ጣቶች ተቆርጠዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሰው አይለዩም ነበር፤ በሟች እኅታቸው በአያቴ ስም ይጠሩኝ ነበር። አሁን ስኳራቸው በመርፌ ወርዷል። ቀሪው እግር ይተርፋል ወይ ብዬ ሐኪሙን ስጠይቀው "ይህን ሳምንት እንለፈው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኩትም።

ደብዳቤዎን ትናንት አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ምሳም አልቀመሱ። በመጨረሻ "ሽምብራ?" አሉ። "አዎ እማማ" አልኳቸው። "ዋርሳዬ ሲዋሽ ዓይኑን ያርገበግባል። ያን ቀን አርገብግቦ ነበር፤ ፀሐዩ ፊቱ ላይ ስለ ነበር በፀሐዩ መሰለኝ" አሉኝ።  ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ይህን ሲሉኝ ማልቀስ ብቻ ሆነ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ስለ አይጦቹ የነገርኩዎ እኔ ነኝ፤ አልኮሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ግን እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፤ "የኔስ ሆነ። ገድሉን ማን ይነግረዋል? እኔና እሱ በአንድ ቀን ነው የጣልነው፤ እኔ ካንቺ ቀድሜ ጣልሁ ብሎ ፎክሮብኛል።" አባባ፣ ያን ቀን እዚያ ስንት ሰው ነበር? ከእነሱ ውስጥ ኪኒን የሚውጡት እነማን ናቸው? ለሁሉም ይንገሩ። ለአንድ ሰው በሹክሹክታ ሳይሆን ለሁሉም።

ይቅርታውን ደግሞ እግራቸው ሲድን ራሳቸው እንደሚነግሩዎ ልከዋል።

መቅደላዊት


ቁንዝላ፤ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመቅደላዊት፤

ትናንት ልደታ ነበረች። መንደሩ ሁሉ ከዋርካው ሥር ወጥቶ ንፍሮውን ሲቃመስ፣ ከዚህ የተሻለ ጉባኤ አላገኝም ብዬ ተነሣሁ።  ስድሳ ዓመት ማኅሌት በቆምሁበት ድምፅ ጠራኋቸው።

"ሐይቅ የጣልሁት ሽምብራ ነው። እኔ ኪኒኔን አንድ ቀን አላቋረጥሁም። የሺአረግ እኔን አምና ሁለት ጣቷን አጥታለች። ሙጫዬን ተከትሎ መድኃኒቱን የጣለ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይመለስ" አልሁ።

ሳቁ።

ልጄ፣ እንዴት እንደ ሳቁ ልነግርሽ አልችልም። "መሪጌታ ደግሞ ዛሬ በምን መጡ!" ይላል አንዱ። "ሙጫው ሊያልቅበት ነው፤ ሰልፉን ሊያሳጥር ነው" ይላል ሌላው። የየሺን ጣት ብጠራ "ጫማው ነው የበላት፤ አንተው ነህ ጫማው ያልኸን" አሉኝ። ልክ ናቸው፤ እኔው ነበርሁ ያልኋቸው። በመጨረሻ ኪኒኔን ከኪሴ አውጥቼ በፊታቸው ዋጥሁ፤ አፌን ከፍቼ አሳየሁ። ገድሉ ከንፍሮው አንድ ፍሬ ወደ ላይ ወርውሮ በአፉ ቀለበና "እኔም ዋጥሁ!" አለ። ሕዝቡ በሳቅ መሬት ላይ ወደቀ።

ለቅሶዬንም ቀልድ ነው አሉት። "እንባውንማ ከየት አመጣው?" ብለው አደነቁኝ።

ሁለት ሰዎች ግን መጡ። ወለተ ኪዳን ማታውን፣ እግሯን እያየች፤ የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ ደግሞ ዛሬ ጠዋት። ለካኋቸው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደዋል። ሌሎቹን ቤት ለቤት እየዞርሁ ነው። በሩ ላይ ስደርስ ሰው ፈገግ ብሎ ይከፍትልኛል። ሳልስቅ እገባለሁ፣ ሳልስቅ እወጣለሁ።

የቀረው ገድሉ ነው። ጀልባው ላይ ጀሪካን ውሃ አስቀምጦ በአንድ ጉዞ ይጨርሳል። ባለፈው ሳምንት ጥርት ባለ ቀን መቆሚያውን ስቶ ድንጋይ ላይ ወጣ፤ "ፀሐዩ ነው" አለ። ጀርባውን ለፀሐዩ ሰጥቶ ነበር። ወንድሜ ክንዱም ዓይኑ ሲጀምረው ፀሐዩ ነው ይል ነበር።

ምን ላድርግ? ውሸቴን ያመነ ሰው እውነቴን እንቢ አለኝ።

አያትሽ


ባሕር ዳር፤ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያቴ፤

እማማ የሺ ከሆስፒታል ወጥተው እኔ ጋ ናቸው። እግራቸው ተርፏል። ፋሻውን በየቀኑ እቀይርላቸዋለሁ፤ ይሳደባሉ፤ ደህና ናቸው ማለት ነው።

ደብዳቤዎን ገድሉ ለግቢው ዘበኛ ሰጥቶ ሄደ። ሮጬ ጀልባው ጋ ደረስኩበት። አባባ፣ ቀበቶው ላይ በምስማር ሦስት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። "አያ ገድሉ፣ እጅህን ስጠኝ፣ አንድ ጠብታ ብቻ" ብለው "አንቺም እንደ አያትሽ ቀልደኛ ወጣሽ" አለኝና ሞተሩን አስነሣ። የማሠሪያውን ገመድ ለማግኘት ሁለት ጊዜ ዳበሰ። ጀልባው ላይ አሥራ ሰባት ሰው ነበር፤ ቆጠርኳቸው። ሁለቱ የታዘሉ ሕፃናት ናቸው።

ለወደቡ ሰዎች ነገርኩ፤ "ገድሉ ሐይቁን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል" አሉኝ።

እሱ ዘበኛው በር ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ ቁጭ ብሎ፣ ለመሄድ የማይቸኩልበት ነገር ይፈልጉልኝ። እኔ መላ አጣሁ።

መቅደላዊት


ቁንዝላ፤ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

መቅደላዊት፤

ፊትሽን ሳትለውጪ አንብቢ። ሰላምታ የለም። ገድሉ ፊት ለፊትሽ ተቀምጧል።

ነጭ ጋቢ መልበሱን አይተሻል። የለበሰው ሽማግሌ ሆኖ ስለ መጣ ነው፤ አንቺን ለጋብቻ ሊጠይቅ። ሙሽራው የአንበሳሜ ሰው ነው፣ መምህር ነው፣ ረጅም ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የለም፣ እኔ ነኝ የፈጠርሁት። "ደብዳቤውን በእጇ ስጥ፤ እሺ ወይም እንቢ የሚለውን ከአፏ ሳትሰማ እንዳትነሣ" ብዬዋለሁ። ሽማግሌ መልስ ሳይቀበል ከተነሣ ነውሩ እስከ ልጅ ልጁ እንደሚከተለው ያውቃል። ዛሬ ሰው እንዳይጭንም "ለሽምግልና የሚሄድ ጀልባ መንገደኛ አይጭንም" ብዬዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ወግ የለም፣ ግን አምኖኛል። ብቻውን ነው የመጣው። ብቻውን ስለ ላክሁት በዚህ ሰዓት ሐይቁን እያየሁ ተቀምጫለሁ። እሱን ከነታመመ ዓይኑ ሐይቅ ላይ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ መንገድ አጣሁ። ይህን እያነበብሽ ከሆነ ደርሷል፤ እኔ ግን ጀልባው እስኪመለስ አላውቅም።

እውነት ነግሬው ሳቀብኝ። ዋሽቼው ጋቢ ለበሰ።

አሁን ውሃ ስጪው። ሁለተኛ ይጠይቅሻል፤ ስጪው። ሦስተኛ ሲጠይቅሽ መለኪያውን ይዘሽ ተነሺና "አያ ገድሉ፣ መልሴን ከመስጠቴ በፊት የሽማግሌዬን እጅ ልያዝ" በዪው። በዚያ ጋቢ ውስጥ ሆኖ እጁን አይከለክልሽም። ከያዝሽ በኋላ አትልቀቂው።

ቁጥሩን ሲያይ መለኪያው ተበላሽቷል ይላል። አትከራከሪው። የሺን ከጓዳ ጥሪያት። ፋሻዋን ትፍታለት። የኔን ቃል አያምንም፤ የእሷን እግር ግን እሱው ነው በጀልባው ያመጣው።

ጀልባውን እዚያው እናቱን የሚያስታምመው ምናሴ ይመልሰው። ገድሉን ዛሬውኑ ወደ ሐኪም።

እዚህ ድረስ ሳታነቢ ቀና ብለሽ ከሆነ ጠርጥሯል። ካልሆነ ግን ስለ ሙሽራው ቁመት እያነበብሽ ነው ብሎ ነው የሚያስብ። ፈገግ በዪ፣ ልጄ። እፍር በዪ። እሱ እያየሽ ነው።